የእናት ጡት ውስጥ ምን አለ? ከዶዶታ አውድማ እስከ ባልድዊን ሂልስ

በእኛ ፖለቲካ ውስጥ «የእናት ጡት ነካሽ» ከሚለው የከበደ ስድብ ያለ አይመስለኝም። ደርግ ተቃዋሚዎቹን በዚህ ስም ጠራ። ከዚያም ወዲህ በስደት የምንገኝ ወገኖች በየስብሰባው፣ በየሬዲዮውና በየፓልቶኩ ክፍል እርስ በርሳችን ስንወረውረው ኖረናል። ጡቱ አገር ነው፤ ነካሹ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ዘመን ስንማማልበት፣ በዚያ ጡት ውስጥ ምን እንዳለ፣ ማን እንደለካውና መቼ እንደተለካ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ብሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልጠየቅሁም ነበር።

በሙያዬ የውኃ ማጣሪያ መሐንዲስ ነኝ። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ካልሲየም፣ ስንት ሚሊግራም ብረት እንዳለ ማወቅ የዕለት እንጀራዬ ነው። ሐኪምም የሥነ ምግብ ባለሙያም አይደለሁም። ስለሆነም አንባቢ ይህን ጽሑፍ እንደ ሕክምና ምክር ሳይሆን እንደ ታሪክ እንዲያነብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሳው እንዲህ ነው

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ባልድዊን ሂልስ በሚባለው ኮረብታማ ሠፈር ነው። ከቤቴ ተነስቶ ከተማው በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ወደሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ለመድረስ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ እናቴ አራሷን ለመንከባከብ ከኢትዮጵያ መጣች። ገንፎውም፣ አጥሚቱም፣ አብሹም በየተራው ቀረበ። ልጅቷም ጡት እየጠባች ዓመት ሞላት።

በዓመቷ ለተለመደው ምርመራ ወሰድናት። ከጣቷ ደም ተቀዳና የደም ማነስ ምልክት ተገኘባት። ሐኪሙም ለባለቤቴ፣ «ከዓመት በኋላ የእናት ወተት ውኃ ማለት ነው፤ አሁን ጡት አስጥያት» አሏት። ባለቤቴ ቤት እስክንደርስ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። መኪናው ውስጥ ግን እንባዋን ስትጠርግ አየኋት።

ማታ ነገሩን ለእናቴ ስነግራት ያልጠበቅሁት ሆነ። ፊቷ ተለዋወጠ። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔም ወንድምህን በወተቴ ነው የገደልኩት» አለችኝ።

የተወለድኩት አርሲ ውስጥ፣ በዶዶታ፣ ደራ ከተማ ነው። የእኔ ተከታይ የሆነ አንድ ወንድም ነበረኝ። እናቴ ሌላ ልጅ ማርገዟን ሳታውቅ ሁለት ወር ያህል አጠባችው። ባወቀች ጊዜ ጡቷን እሬት ቀብታ በአንድ ቀን አስጣለችው። የእርጉዝ ወተት ሕፃን ይጎዳል ተብሎ ይታመን ነበርና። ልጁ እየቀጨጨ ሄደ፤ ከዚያም ተቅማጥ ያዘው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አረፈ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ገዳዩ እነዚያ ሁለት ወራት ያጠባችው ወተት እንደሆነ ስታምን ኖራለች። ከንስሐ አባቷ በቀር ለማንም ተናግራው አታውቅም።

እንግዲህ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ፍርድ ሰማሁ። ሐኪሙ ወተቱ ውኃ ነው አሉ፤ እናቴ ደግሞ ወተቱ መርዝ ነው አለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የማውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ እርሱም መለካት ነው። ስለዚህ ማን ለካው ብዬ ፍለጋ ጀመርኩ። ያገኘሁትም ከጠበቅሁት በላይ የእኛው የራሳችን ታሪክ ሆነ።

ሚዛኑ ወደ አገራችን ሲገባ

በ1958 ከአሜሪካ መንግሥት የተላከ የሥነ ምግብ አጥኚ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በተለያዩ ክፍለ ሀገሮች የሕዝቡን አመጋገብ መረመረ። ሪፖርቱ በ1959 ወጣ። ከግኝቶቹ መካከል አንዱ ሳይንቲስቶቹን ግራ ያጋባ ነበር። በብዙ ድሃ አገሮች ሰው ከምግቡ የሚያገኘው ብረት ያንሰዋል፤ ጤፍ የሚበላው ኢትዮጵያዊ ግን በቀን የሚወስደው ብረት ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። «ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል» የሚለው የእናቶቻችን አባባል የላቦራቶሪ ምስክር ያገኘ መሰለ።

በ1962 የስዊድንና የኢትዮጵያ መንግሥታት በአዲስ አበባ የሕፃናት የሥነ ምግብ ክፍልን በጋራ አቋቋሙ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የምናውቀው ፋፋ የተገኘው ከዚህ ተቋም ነው። በ1968 ተቋሙ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተባለ። በዚያው ዓመት ኢንግቬ ሆፍቫንደር የተባሉ ስዊድናዊ ሐኪም ስለዚህ ከመጠን ያለፈ ብረት የምርምር ሥራቸውን አወጡ። እንቆቅልሹ የተፈታው ወደ አውድማው በማየት ነበር። ጤፍ የሚወቃው በመሬት ላይ፣ በበሬ እግር ነው፤ ፍሬው ደግሞ ደቃቅ ነው። አፈር አብሮት ይገባል። ብረቱ በብዛት የጤፉ ሳይሆን የአፈሩ ነበር። በ1980 አብርሃም በሥራትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ በጥንቃቄ መርምረው አሳዩ፤ ከአፈሩ የጸዳ ጤፍ በብረት ይዘቱ ከሌሎቹ እህሎች እጅግ የራቀ አልነበረም። ከአፈር በመጣው ብረት ሰውነት ምን ያህል ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ ግን ባለሙያዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ፌርፋክስ ላይ የምንበላው እንጀራ ጤፍ ካለበት፣ ጤፉ አሜሪካ ውስጥ፣ አይዳሆን በመሰሉ ግዛቶች የበቀለና በኮምባይነር የታጨደ ሊሆን ይችላል። በሬ አልሄደበትም። «ልጄ እንጀራ ስለምትበላ ብረት አያንሳትም» ብዬ ተማምኜ የነበርኩት እኔ ራሴ፣ የምተማመነው በአያቶቼ አውድማ አፈር ኖሯል።

ከእህሉ ቀጥሎ ተራው የወተቱ ሆነ። በ1976 እና በ1977 «የኢትዮጵያውያንና የስዊድናውያን እናቶች የጡት ወተት ይዘት» በሚል የጋራ ርዕስ ተከታታይ ጥናቶች በአሜሪካ የክሊኒካል ኒውትሪሽን መጽሔት ታተሙ። ከደራሲዎቹ አንዱ በኋላ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት መሐሪ ገብረ መድኅን ናቸው። ያወዳደሩትም ድሃ ኢትዮጵያውያትን፣ የተሻለ ኑሮ ያላቸውን ኢትዮጵያውያትና ስዊድናውያትን ነበር። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ የደኸየች እናት ወተቷም ይደኸያልን? እነዚህ ጥናቶች ያተኮሩት በቪታሚን ኤ፣ በፕሮቲንና በመሳሰሉት ላይ ነበር። ማዕድናቱን በተመለከተ የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት በ1989 ሰፊ ሪፖርት ሲያወጡ፣ ወተታቸው የተመረመረው የጓቴማላ፣ የሃንጋሪ፣ የናይጄሪያ፣ የፊሊፒንስ፣ የስዊድንና የዛየር እናቶች ነበሩ። እኛ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበርንም።

ሁለት ዓይነት ማዕድን

ከእነዚህና ከኋላ ከመጡት ጥናቶች የተረዳሁትን በመሐንዲስ ቋንቋ ላስቀምጠው። በጡት ወተት ውስጥ ያሉት ማዕድናት በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ የእናቲቱ አካል ራሱ የሚቆጣጠራቸው ናቸው፤ ካልሲየም፣ ብረትና በአብዛኛው ዚንክ። እናቲቱ ብትጠግብም ብትራብም በወተቷ ውስጥ ያለው መጠን ብዙም አይዋዥቅም። ካልሲየሙ ከምግቧ ካነሰ ከአጥንቷ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የምታጠባ ሴት ከአጥንቷ ማዕድን ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ታጣለች፤ ጡት ካስጣለች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መልሳ ትተካዋለች። «አጥንቴን ከስክሼ አሳደግሁህ» የሚሉ እናቶች ያልተጋነነ እውነት እየተናገሩ ነው።

ሆኖም ይህ ጥበቃ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። ዚንክ ከሁሉ የሚበዛው በእንገሩ ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሊትር 3 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ይገኛል። በስድስተኛው ወር ወደ 1 ሚሊግራም ይጠጋል፤ ከዓመት በኋላ ግማሽ ሚሊግራም አካባቢ ይደርሳል። ብረት ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው፤ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊግራም። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር በዋናነት የሚኖረው ከማኅፀን ይዞት በመጣው የብረት ስንቅ ነው።

አሁን እንደምር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሕፃን በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ጡት ቢጠባ፣ የሚያገኘው ብረት ከ0.2 ሚሊግራም አይበልጥም፤ በአሜሪካ ለዚህ ዕድሜ የሚመከረው 7 ሚሊግራም ነው። ዚንኩ ሩብ ሚሊግራም ገደማ ሲሆን የሚመከረው 3 ነው። ካልሲየሙ 100 ሚሊግራም ያህል ሲሆን የሚመከረው 700 ነው። እርግጥ የእናት ወተት ብረትና ዚንክ ከላም ወተት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ይመጠጣል። ቢሆንም ልዩነቱን በዚህ ብቻ መሙላት አይቻልም። በዚህ በኩል ሐኪሙ የተናገሩት ግማሽ እውነት ነበረበት።

ግማሹ ግን ስሕተት ነው። በሰሜን ካሮላይና የተካሄደና በ2017 የታተመ ጥናት ከወሊድ በኋላ ከ11ኛው እስከ 17ኛው ወር ያለውን ወተት ተከታትሎ፣ ዚንክና ካልሲየም ሲቀንሱ ፕሮቲኑና ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉት ንጥረ ነገሮች እየጨመሩ እንደሚሄዱ አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በሁለተኛው ዓመት ሕፃኑ ከሚያስፈልገው ኃይል ሲሶ ያህሉን ከእናቱ ጡት ሊያገኝ እንደሚችል ያስረዳል። ይህ ውኃ አይባልም። የሐኪሙ አባባል ከየት እንደመጣም መገመት አያዳግትም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ልጇን ማጥባት የምትጀምር እናት ከአራት አንዷ ያህል ብቻ ነበረች። በ1981 የዱቄት ወተት ንግድን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ደንብ በጄኔቫ ሲጸድቅ 118 አገሮች ደገፉት፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻዋን ነበረች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እናቶች እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ከፈለጉ እንዲደገፉ በይፋ ያሳሰበው ገና በ2022 ነው። የእናቶቻችን ልማድ እዚህ አገር ቢሮ ውስጥ እውቅና ለማግኘት ይህን ያህል ዘመን ፈጅቶበታል ማለት ነው።

ሁለተኛዎቹ ማዕድናት ደግሞ የእናቲቱን ማዕድ የሚከተሉ ናቸው፤ አዮዲንና ሴሊኒየም። እዚህ ላይ እናቲቱ ካጣች ልጁም ያጣል። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የበለጠ ምሳሌ የለም። እስከ 1998 ድረስ ኢትዮጵያ የምትበላው ጨው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሚመጣና አዮዲን የተጨመረበት ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ ድንበሩ ተዘጋ። ጨው ከአፋር፣ ከአፍዴራና ከሌሎች ሥፍራዎች መውጣት ጀመረ፤ አዮዲን ግን አልነበረውም። በባድመ ጉዳይ ስንት ሺህ ገጽ ጽፈናል! በዚያው ጦርነት ምክንያት ግንባሩን አይታው ከማታውቅ የጎጃም እናት ወተት ውስጥ አዮዲን ስለመጉደሉ ግን ስንቶቻችን ጻፍን? አዮዲን የሌለው ጨው እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት ከተመረመሩት ቤቶች 89 በመቶ ያህሉ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኝቶባቸዋል። ይህን መሰል ድል ከበሮ አይመታለትም፤ ቢሆንም ድል ነው።

ወደ ዶዶታ

ወደ ተነሳሁበት ልመለስ። ፍለጋዬን ስቀጥል በ2000 «ላንሴት» በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አገኘሁ። የጥናቱን ሥፍራ ሳነብ ደነገጥኩ። ዶዶታ ሲሬ ወረዳ ይላል። የተወለድኩበት ነው።

ጥናቱን የመሩት መላኩ ኡመታ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ወር የሆኑ 100 የቀነጨሩና 100 ያልቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ከየወገኑ ለግማሾቹ በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊግራም ዚንክ ለስድስት ወር ተሰጠ፤ ለቀሩት ዚንክ የሌለው ተመሳሳይ ነገር ተሰጠ። ከቀነጨሩት መካከል ዚንክ ያላገኙት በስድስት ወር በአማካይ 2.8 ሴንቲሜትር አደጉ። ያገኙት 7 ሴንቲሜትር አደጉ። ሳሉም፣ ተቅማጡም፣ ትኩሳቱም ቀነሰላቸው።

እኚሁ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2003 በዚያው ወረዳ ጡት በሚጠቡ ከ5 እስከ 11 ወር ባሉ 305 ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ሌላ ጥናት አወጡ። 36 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። በዚህ ጊዜ የእናቶቹም ወተት ተለካ። ዝቅተኛ ዚንክ ያለበት ወተት የሚጠቡት ልጆች ለመቀንጨር ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ከጡት በተጨማሪ በቀን ከሦስት ጊዜ በታች የሚመገቡትም እንዲሁ። ተመራማሪዎቹ እናቶች ጡት ያስጥሉ አላሉም። ያሉት እናቲቱም ትብላ፣ ሕፃኑም ከጡቱ ጎን የተሻለ ምግብ ያግኝ ነው። በሌላ ጥናታቸውም እንደ እንጀራ በእርሾ የሚቦካ ምግብ ዚንክና ብረት እንዳይመጠጡ የሚያግደው ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር እንደሚቀንስለት አሳይተዋል። ለሕፃኑ የሚሰጠው አጥሚት ግን ብዙውን ጊዜ ሳይቦካ የሚሠራ ነው። በ2004 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሁሉ ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጠው አወጁ። ተቅማጥ ዚንክን ከሰውነት አጥቦ ያወጣልና።

ኮረብታው ላይ

ባልድዊን ሂልስ አናት ላይ ያለው መናፈሻ የቀድሞ የውኃ ግድብ ሥፍራ ነው። ግድቡ በታኅሣሥ 1963 ፈርሶ አምስት ሰዎች ሞተዋል፤ ከ270 በላይ ቤቶችም ወድመዋል። መርማሪዎቹ ጥፋቱን ያገኙት ከሥር፣ በተንቀሳቀሰው መሬት ውስጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴን እዚያ ይዣት ወጣሁና ያነበብኩትን ሁሉ በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኳት።

«እማዬ፣ የእርጉዝ ወተት መጠኑ ይቀንሳል እንጂ መርዝ አይሆንም» አልኳት። ወንድሜን ምን እንደገደለው ከአርባ ዓመት በኋላ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ይህንንም አልደበቅኋትም። ነገር ግን በአንድ ቀን የተቋረጠበት ወተት፣ ከጡቱ ጎን ያልነበረው ምግብና ያጠበው ተቅማጥ ካጠባችው ሁለት ወር ይልቅ የሚጠረጠሩ እንደሆኑ ነገርኳት። በዶዶታ የብዙ እናቶች ወተት በሚዛን መለካቱንና ጥፋተኛ ተብላ የተጠራች አንዲት እናት እንኳ አለመኖሯን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና፣ «መቼ ነው ይህ የተጻፈው?» አለች። የመጀመሪያው በ2000፣ ሁለተኛው በ2003 አልኳት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ሁለት ዲግሪም አለኝ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያነበብኩት ስለ ምኒልክና ስለ ኃይለ ሥላሴ፣ ስለ ደርግና ስለ ወያኔ ነበር። ያ ታሪክ አይነበብ አልልም። ግን እናቴ የተሸከመችው ጥያቄ ከገዛ ወረዳዋ እናቶች ጡት በተቀዳ ወተት ከተመለሰ ሃያ ዓመት አልፎታል። መልሱ ባልድዊን ሂልስ ደርሶ ከእኔ ኮምፒዩተር እስኪገባ ድረስ እርሷ ፍርዷን ተሸክማ ኖራለች።

ልጃችን ሌላ ሐኪም ዘንድ ታየች። የብረት ጠብታ ታዘዘላት፤ ሥጋና ምስር በየቀኑ ምግቧ ውስጥ ገባ፤ ጡቷንም ሁለት ዓመት እስኪሞላት ጠባች። ደሟ ተስተካከለ።

ለዚህ ገጽ አንባብያን አንድ ሐሳብ አቅርቤ ላብቃ። ከመካከላችን ሐኪም፣ ኬሚስት፣ ነርስ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ የሆነው ብዙ ነው። እያንዳንዳችን በሙያችን ስለ አገራችን እናቶች የተጻፈ አንድ ጥናት መርጠን፣ እናታችን በምትረዳው አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ብንጽፈውስ? ከእናት ጡት የተቀዳውን እውቀት ለእናቲቱ ሳይመልስ የሚቀር ምሁር ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንባቢ ይፍረድ። ስድቡን እኛው ራሳችን ስናውቀው ኖረናል።

ቸር ይግጠመን።